ያሸነፍኩባቸው ሐሙሶች

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

አሸነፍኩ። ነገ ጠዋት ራሴም እንዳልጠራጠረው ጽፌ ላስቀምጠው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ፖከር ስንጫወት፣ እኔ አሸንፌ ቤቴ የገባሁበት ቀን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

የምንጫወተው አራት ሆነን ነው። ጸጉር አስተካካዩ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ጨዋታውም በእሱ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ኋላ ባለችው ክፍል ነው። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ፍርድ ቤቱ ለቀቃቸው እንጂ እሳቸው ፍርዱን አልለቀቁትም። ፋርማሲስቷ ከሁላችን ታንሳለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። የምንጫወተው በገንዘብ ሳይሆን በልብስ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን የማመጣው ደግሞ እኔ ልብስ ሰፊው ነኝ። የሸሚዝ ቁልፍ አንድ፣ የኮት አምስት፣ የካፖርት አሥር ይቆጠራል።

በመጨረሻው ዙር አምስት ቀይ ልብ ያዝኩ። አምስቱም ካርታ አንድ ምልክት ሲሆን ፍለሽ ይባላል፤ ለእኔ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ዘርግቼ አሳየኋቸው። በሰው ካርታ ላይ ሁሌ ሙግት የሚያነሳው ጸጉር አስተካካይ ዛሬ ዝም አለ። ፋርማሲስቷ ዳኛውን አየቻቸው። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «አሸንፏል» አሉ። መሸነፍ ለካ እንዲህ አፍ ያስይዛል። እኔ ስሸነፍ ግን ይህን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

ጸጉር አስተካካዩ ጥቁር ሱፍ ጨርቅ ተሸክሞ መጣ። ልጁ ግንቦት 11 ያገባል።

«የሙሽራውን ልብስ አንተ ነህ የምትሰፋው» አለኝ።

«ሌላ ማን ሊሰፋው ኖሯል?» አልኩት። ልጁ ሲወለድ የመጀመሪያ ልብሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ይህን ለሌላ ሰው ቢሰጥብኝ ሱቄን ዘግቼ ብቀመጥ ይሻለኛል።

ችግሩ ጥቁር በጥቁር መሆኑ ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር፣ ያውም አምፖሉ በደከመበት ሱቅ። አምፖሉን ቀየርኩት። አዲሱም ደካማ ነው። የዘንድሮ አምፖል እንደ ዘንድሮ ሰው ቶሎ ይደክመዋል።

ባለቤቴ ከሚተኮሰው ሱሪ ላይ ቀና ብላ «አምፖሉ ነው?» አለችኝ።

«አምፖሉ ነው።»

«አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ብላ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ማን እንደተኛ አልጠየቅኳትም። ሱቁ ውስጥ መተኮስና ቁልፍ መትከል የእሷ ነው፤ መቁረጥና መስፋት የእኔ ነው፤ ተረት መተረት ግን የጋራችን ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ዛሬ ሁለት ጉድ አየሁ።

አንደኛው ባለቤቴ ናት። ካርታ የሚባል ነገር አትወድም፤ ስሙን ስትጠራ እንኳ ከንፈሯ ይጣመማል። ዛሬ ግን ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ «ሐሙስ አይደለም እንዴ? ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድ ተጫወት» አለችኝ። የሙሽራውን ኮት አጣጥፌ ልቆልፍበት ስል «ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለች። ሴት ባገባች በሠላሳ አንድ ዓመቷ ባሏን መውደድ ትጀምራለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ዳኛው ናቸው። አዲስ ደንብ አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ ያሸነፈ ሰው የያዘውን በቃሉ ይናገራል እንጂ ካርታውን ገልጦ አያሳይም። «በዚህ ዕድሜያችን አሳየኝ፣ አላሳይህም መባባል ነውር ነው። የሰው ቃሉ ይበቃል» አሉ። ጸጉር አስተካካዩ ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ «እኔ እንዲያውም ድሮ ላነሳው ነበር» ብሎ የጆሮውን ጫፍ ያሽ ጀመር። እሱ ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልነግርም። ምን እንደሚዋሽ ግን አልገባኝም።

በአዲሱ ደንብ ሦስት ጊዜ አሸነፍኩ። ደንቡ ጥሩ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

መርፌ ፋብሪካዎች ቀዳዳውን አጥብበውታል። ክር ለማስገባት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በኋላ ሳየው መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ አሥር መርፌ ክር ገብቶላቸው ተደርድረዋል። «ለቁልፍ ብዬ ነው፤ ከፈለግህ ውሰድ» አለች ባለቤቴ። አንድ ሸሚዝ አሥር መርፌ ይፈልጋል እንዴ? አልጠየቅኩም፤ አምስቱን ወሰድኩ።

ደንበኛ ሱሪውን መለሰ። ቡናማ ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍቼለታለሁ አለ። ክር ሻጩ ነው ያሳሳተኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15

ዳኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጫወት ብለው ወሰኑ። ማክሰኞና ሐሙስ። ለባለቤቴ በፍርሃት ነገርኳት። «በጣም ጥሩ» አለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

የካፖርት ቁልፎቹ በሙሉ እኔ ጋ ናቸው። ሰው የሚያሸንፈው በካርታው ሳይሆን የሰው ፊት በማንበብ መሆኑን አሁን ገባኝ። አባቴም እንዲህ ይለኝ ነበር፤ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም።»

ቅር ያለኝ ጨዋታው መርዘሙ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ጀምረን አንድ ሰዓት ላይ እንጨርስ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዓት ያልፋል። ፋርማሲስቷ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ለመጨመር ጣራውን አይታ፣ ካርታዋን አይታ፣ ደግሞ ጣራውን ታያለች። ዳኛው ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ምክንያቱን በዝርዝር ያስረዳሉ። ልሂድ ስል ሦስቱም በአንድ አፍ «ትንሽ ቆይ» ይሉኛል። አሸናፊ ሰው እንዲህ ይወደዳል።

እጄን ታጥቤ ስመለስ ፋርማሲስቷ ለጸጉር አስተካካዩ በቀስታ ስትነግረው ሰማሁ። «ሁለት ሐሙስ ብታገኝ ትጨርሳለች።» ስገባ ካርታ መደባለቅ ጀመሩ። መድኃኒት ጀምራ ያቋረጠች ሕመምተኛ ትሆናለች። የሰው ምስጢር ስለሆነ አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20

ስለ ኮቱ ልጻፍ፤ ደስ ብሎኛል። ትልቁ ስፌት በመኪና ይሠራል፤ ኮሌታው፣ ገበሩና እጅጌው ግን በእጅ ይገጠማል። አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ገበሩን በእጄ ስሰፋ መስመሩ የተጣመመ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በጣቴ ዳበስኩት። ቀጥ ብሏል። ከወጣትነቴ ስፌት ይበልጣል። እጄ ከእኔ በላይ ያውቃል ማለት ነው፤ ምን አስጨነቀኝ?

ማታ ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር «የዓይን ሐኪም ብናይስ?» አለች።

«ዓይኔ ምን ሆነ?» አልኳት። ሪዜን አሻሸሁ።

«ምንም አልሆነም» አለች። «ሪዝህን ተው፣ ይነቀላል።»

አባቴ በእኔ ዕድሜ ዓይኑን ሊታከም ሄዶ ነበር። በፋሻ ጠቅልለው መለሱት። ፋሻው ተፈታ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ጨርቅ በእጁ እየዳበሰ «ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?» እያለ እኛን ልጆቹን ይጠይቅ ነበር። እኔም ሁልጊዜ በትዕግሥት አልመልስለትም ነበር። አንድ ቀን አረንጓዴውን ቀይ ነው ብዬ ዋሽቼዋለሁ፤ ሳቅን። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የዚህ ደብተር መስመርም ደብዝዟል፤ ፋብሪካው ቀለም ሰስቶበታል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

አምስት ቀይ ልብ። እንደገና። በደንቡ መሠረት ካርታዬን አልገለጥኩም፤ «ፍለሽ፣ አምስት ልብ» አልኩ። ሦስቱም ካርታቸውን ጣሉ። ቁልፎቹን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ ሙሽራው ከኋላዬ ቆሟል። ልብሱን መቼ ለብሶ እንደሚያየው ሊጠይቅ መምጣቱ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ዳይመንድ እኮ ናቸው» አለኝ። ልጁ ደግ ነው። ሊረዳኝ ብሎ ነው።

አባቱ «አንተ ውጣ» አለው። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ወጣ።

ካርታዎቹን ከመብራቱ ሥር አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋኋቸው። ሁለቱ ዳይመንድ ነበሩ፤ እንደ ልብ ቀይ ናቸው እንጂ ልብ አይደሉም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

ዳኛው «ጥያቄው ከጭብጡ ውጭ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ዳኛ አልነበረም። ጸጉር አስተካካዩ ጆሮውን ያዘ። እውነቱን የነገረችኝ ፋርማሲስቷ ናት። «ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ ነው ጋሼ። ያን ጊዜም ሦስቱ ብቻ ነበሩ ልብ።»

ቁልፎቼን ለቅሜ፣ የካፖርቱንም፣ የሸሚዙንም፣ አንድ ሳላስቀር ይዤ ወጣሁ። መሬት የወደቀች አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች። ፈልጌ አጣኋት። እነሱ ያዩዋታል፤ ማንም ግን አነሳልህ ሊለኝ አልደፈረም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 25

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ የተመነጠርኩት ሳሸንፍ ነው። የሰው ፊት አነባለሁ ብዬ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ። እንዲህ የጻፈው ካርታ ማንበብ ያቃተው ሰውዬ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 1

አልሄድኩም። ማክሰኞም አልሄድኩም።

የሚገርመው ከእኔ ይልቅ የተጨነቀችው ባለቤቴ ናት። ኮቱን ታያለች፣ ሰዓቱን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«ሂድ እንጂ» አለች።

«አልሄድም።»

«ለእኔ ስትል ሂድ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ለእኔ ስትል ቅር» ስትለኝ ኖራ፣ ልቀር ስል ደግሞ ይኸው። ሱቅ ውስጥ መቀመጤ ይህን ያህል ከከበዳት እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ፣ ግንቦት 4

ሰርጉ የዛሬ ሳምንት ነው። ግራው እጅጌ ተገጥሟል፤ ቀኙ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ቀኙን ስገጥም ዋልኩ። ባለቤቴ ሁለቴ «እረፍ» ብትለኝም አልሰማኋትም። ማታ ኮቱን በመስቀያ ሰቅዬ በእጄ ስዳብሰው የቀኙ እጅጌ ክርኑ ላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ።

ሙሽራው ቀለበት ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ለብቻዬ ትንሽ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ቀረና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደብተር ስለሆነ ነው የምጽፈው። ዓይኔ ታሟል። ፈርቻለሁ። አምፖሉ ደህና ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ጸጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። ደንበኛ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሰው አለ የለም አላልኩም።

«ልብሱን መጨረስ አልችልም። አላይም። ጨርቁን ውሰድና ለሌላ ሰው ስጥ» አልኩት።

ምላጩን አስቀመጠ። «ለሌላ ሰው አልሰጥም» አለ።

«ሰርጉ እሑድ ነው እኮ።»

«እሱማ ተራዝሟል፤ ሰኔ 2 ሆኗል። አዳራሹን… የአዳራሹ ሰዎች ጣራ ሊያድሱ ነው።» ጆሮውን እያሸ ነው። ሰርግ ማራዘም የስንት ሰው ደጅ ማንኳኳት እንደሆነ አውቃለሁ። «ውሸታም» በለው በለው ብሎኝ ነበር።

«ጣራውማ መታደስ አለበት» አልኩት።

አረፋ የተቀባው ሰውዬ «የቱ አዳራሽ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለታችንም አልመለስንለትም።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ ሱቄ መጣች። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች፤ ቀጠሮው የተያዘው ከሦስት ሳምንት በፊት መሆኑ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። «የዓይን ሞራ ነው፤ ጋሼ፣ የአባትህ ጊዜ ሕክምናና የዛሬው አንድ አይደለም» አለችኝ። የአባቴን ነገር ማን ነገራት? ባለቤቴ ካውያው ላይ አቀርቅራለች።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ሐኪሟ አይታኛለች፤ ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው። ቀኝ ዓይን። ግራው በሌላ ጊዜ።

ዳኛው ደውለው «ውሳኔው ለአንተ ይሆናል» አሉኝ። በምን ማስረጃ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ባለቤቴን ፊቷን ደጋግሜ አየኋት። ምናልባት ከዚህ በኋላ ባላየው ብዬ ነው። «ምን ታፈጥብኛለህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ፈርቻለሁ ብዬ ብነግራት ምን ነበረበት? ታውቀዋለች እኮ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ፋሻው ተነሣ። ሐኪሟ ቀይ እስክሪብቶ አሳይታ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቀይ አልኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሕመም መስሏት ደነገጠች።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ የማላውቃቸው መስመሮች አሉ።

«ሸብተሻል» አልኳት።

«አንተ መስታወት እስክታይ ነው» አለችኝ።

ደብተሩንም ገልጬ አየሁት። መስመሩ ደማቅ ነው፤ የእኔ ጽሕፈት ነው በመስመር ላይ የማይሄደው። የደብተር ፋብሪካውን፣ የመርፌ ፋብሪካውንና ክር ሻጩን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ቁልፎቼን ይዤ ሄድኩ። ማንም ምንም አላለም፤ ወንበሬ ቦታው ላይ ነበር። ዳኛው ተቀምጠው ሳይጨርሱ የቃል ደንቡን ሻሩት። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይገለጣል።»

ምሕረት የሚባል ነገር የለም። ፋርማሲስቷ ጣራ ማየት ትታለች፤ ዓይኗን ሳታርገበግብ የካፖርት ቁልፎቼን ወሰደች። ጸጉር አስተካካዩ ሁለት ሰባት ይዞ አስፈራርቶኝ ካርታ አስጣለኝ፤ እጁ ጆሮው አጠገብ እንኳ አልደረሰም። ለካ ጆሮውን ሲያሽ የኖረው እኔ እንዳውቅበት ብሎ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባዶዬን ቀረሁ። እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ሐኪሟ መርፌ እንድይዝ ፈቀደችልኝ። ሰርጉ እሑድ ነው። ኮቱን አወረድኩ። ገልብጬ የሰፋሁትን ቀኝ እጅጌ ተረተርኩና፣ ከዚያ የቀረውን ሥራዬን በጥሩው ዓይኔ ላየው ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ።

ገበሩ ቀጥ ያለ ነው። ኮሌታው አንድ ጥልፍ አልዘለለም። የግራው እጅጌ ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከዚያ ጥልፉን ጠጋ ብዬ አየሁት። ያጋደለው ወደ ግራ ነው።

እኔ ቀኜ ነኝ። ባለቤቴ ግራኝ ናት። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ስፌት ላስተምራት ሞክሬ ነበር። ጥልፏን አየሁና «ይሄ ለደንበኛ አይሰጥም» አልኳት። በሰው ፊት ነው ያልኳት። ከዚያ ወዲህ መርፌ የምትይዘው ለቁልፍ ብቻ ሆነ፤ እኔም ስለማትወደው መስሎኝ ኖርኩ።

ሐሙሶቹንና ማክሰኞዎቹን ቆጠርኩ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሳሸንፍ እሷ እዚህ ተቀምጣ የሰፋሁትን ስትተረትር፣ እንደገና ስትሰፋ ነበር። ሦስቱም ያውቁ ነበር። «ትንሽ ቆይ» የሚሉኝ ለእሷ ነበር። ቀኙ እጅጌ የቀረው እኔ አኩርፌ ሱቁን ስላልለቀቅኩላት ነው። አፈርኩ። ደግሞ ወደድኳት፤ ይህንንም እዚሁ ልጻፈው።

ከመስኮቱ ስዞር እያየችኝ ነው። ካውያው እጇ ላይ ቆሟል። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ እንደ ፋርማሲስቷ ፊት ነው፣ ምንም አይገኝበትም።

«ደህና ሰፍተኸዋል?» አለችኝ።

«ግራው በጣም ጥሩ ነው» አልኳት።

«እጅህ ያውቃል፤ ሁሌም እልሃለሁ።»

ቀኙን እጅጌ፣ ክሩንና መርፌውን ይዤ ሄጄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄን አንቺ ግጠሚው» አልኳት። «እኔ ብሰፋው ከግራው ጋር አይመሳሰልም።»

እጅጌውን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ካውያውን ነቅላ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበች፣ መነጽሯን አደረገችና መርፌውን በግራ እጇ ያዘች። እኔ ሱሪዎቹን ልተኩስ ተነሣሁ።